መሬቱን ከመግዛታችሁ በፊት መስመሩን እዩ



በአሜሪካ የኛ ሰው የተሰማራበትን ሥራ ቁጠር ብባል ታክሲው፣ ፓርኪንጉ፣ ነዳጅ ማደያው፣ ምግብ ቤቱና የረጅም መንገድ ጭነት መኪናው ቀድመው ይመጡልኛል። ዛሬ የምናገርለት ሥራ በዚህ ዝርዝር ውስጥ ብዙም አይሰማም። ከመካከላችሁ ትልልቁን መኪና የምታሽከረክሩት ግን ምልክቱን በየአውራ ጎዳናው መውጫ ታውቁታላችሁ። አርቪ ፓርክ ወይም ካምፕግራውንድ የሚለውን ማለቴ ነው።

አርቪ አልጋ፣ ማብሰያ፣ መታጠቢያና መጸዳጃ የተገጠመለት፣ በራሱ ሞተር የሚሄድ ወይም በሌላ መኪና የሚጎተት ቤት ነው። አብዛኛው የሚሠራው በኢንዲያና ግዛት፣ በኤልክሃርት ከተማና በዙሪያዋ ነው። ባለ ሞተሮቹ በሦስት ይከፈላሉ። አውቶቡስ የሚያህለው ክላስ ኤ፣ በቫን ላይ የተሠራው ክላስ ቢ፣ ከሾፌሩ ራስ በላይ አልጋ ያለው ደግሞ ክላስ ሲ ይባላል። ከሚጎተቱት መካከል ከመኪናው ኋላ የሚታሰረው ትራቭል ትሬለር ሲሆን፣ በፒክአፕ መኪና ጭነት ቦታ ውስጥ የሚቆለፈው ፊፍዝ ዊል ነው። የፓርክ ሠራተኞች ሁሉንም በአንድ ስም ሪግ ይሏቸዋል። እንግዳ ስልክ ደውሎ ቦታ ሲይዝ መጀመሪያ የሚጠየቀውም ስለ ሪጉ ነው። ርዝመቱ ስንት ነው? መብራቱ ስንት አምፔር ነው? ስላይድ-አውት የሚባለው፣ ሲቆም ወደ ጎን የሚገፋ ክፍል አለው ወይ? እነዚህን ሳይጠይቅ ቦታ የሰጠ ጸሐፊ ማታ ላይ አሥራ ሁለት ሜትር ተሽከርካሪ ዘጠኝ ሜትር ቦታ ውስጥ ለማስገባት ሲታገል ያመሻል።

የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር አንድ ነው። ብዙ ሰው የካምፕ ቦታ ሲገዛ መሬት የገዛ ይመስለዋል። ሐይቁን፣ ዛፉንና እይታውን ያያል። ገንዘቡ የወጣበትና ገንዘብ የሚያመጣለት ነገር ግን በአብዛኛው ከመሬት በታች ነው፤ የኤሌክትሪክ ገመዱ፣ የውሃ ቧንቧውና የፍሳሽ መስመሩ። የሥራው ቃላትም ከነዚህ ሦስት መስመሮችና ከእንግዳው የቆይታ ጊዜ ይነሳሉ። ቃላቱን ያወቀ ገዢ፣ ሻጩ ዘሎ ያለፈውን ነገር ቶሎ ይነቃበታል።

ከቦታው አቀማመጥ እንጀምር። ዓመታቱን በአውሮፓ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ። መኪና በአሜሪካ ሲስፋፋ ሕዝቡ ወደ ጫካ እየነዳ ደስ ባለው ዛፍ ሥር ያድር ጀመር። ኢ. ፒ. ማይነኬ የተባለ፣ በአገሪቱ የግብርና ሚኒስቴር ውስጥ የሚሠራ የዕፅዋት በሽታ ተመራማሪ ጉዳቱን አጠና። የመኪና ጎማና የሰው እግር አፈሩን ይጠቀጥቀዋል፤ የተጠቀጠቀ አፈር ውስጥ ያለ ሥር ደግሞ አየርና ውሃ አጥቶ ዛፉን ይዞት ይሞታል። ማይነኬ በ1932 ባወጣው ጽሑፍ መፍትሔ አቀረበ። በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚኬድበት ዙሪያ መንገድ ይሠራ፤ ከመንገዱ ለእያንዳንዱ መኪና አጭር መግቢያ ይውጣለት፤ ጠረጴዛውና የእሳት ማንደጃው ቦታቸው ላይ ይተከሉ፤ መኪና እንዳያልፍ ድንጋይ ወይም ግንድ ይጋደም። ከ1933 ጀምሮ ሥራ አጥ ወጣቶችን ያሰማራው የመንግሥት የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ሠራተኞች ጓድ ብዙ የካምፕ ቦታዎችን በዚህ ሐሳብ ገነባ። ዛሬ ካርታ ላይ ሉፕ ኤ፣ ሉፕ ቢ ተብሎ የምታዩት ዙሪያ መንገድና ስፐር የሚባለው መግቢያ የዚያ ውጤት ናቸው።

የግሉ ንግድ ግን ሌላ መንገድ ያዘ። በ1962 የሲያትል የዓለም ኤግዚቢሽን ሲከፈት በሞንታና ግዛት በቢሊንግስ ከተማ የሚያልፈው መንገደኛ በዛ። ዴቭ ድራም የተባለ የከተማው ነጋዴ ከሸሪኮቹ ጋር ሆኖ በየሎስቶን ወንዝ ዳር ባለው መሬቱ ላይ ቦታ ከፍሎ፣ ሙቅ ሻወርና ንጹሕ መጸዳጃ አዘጋጅቶ፣ ለአንድ ሌሊት 1 ዶላር ከ75 ሳንቲም ማስከፈል ጀመረ። ኬ ኦ ኤ የሚባለውና ዛሬ በሰሜን አሜሪካ ከ500 በላይ ቦታዎች ያሉት ድርጅት ከዚያ ተነሳ። ልብ በሉ፤ ድራም ለገበያ ያቀረበው ሙቅ ውሃና ንጹሕ መጸዳጃ ነበር። ወንዙንማ መንገደኛው በነፃ ያየዋል።

አሁን ወደ ዋናዎቹ ቃላት ልግባ። እንግዳው የሚያርፍበት ቁራሽ መሬት ሳይት ነው። መኪናው የሚቆምበት፣ በጠጠር ወይም በኮንክሪት የተደለደለው ክፍል ፓድ ይባላል። ፓዱ ደልዳላ መሆን አለበት፤ በጋዝ የሚሠሩት የአርቪ የምግብ ማቀዝቀዣዎች በተዘመመ ቦታ ላይ በደንብ አይሠሩምና። ባክ-ኢን ሳይት ተሽከርካሪው ወደ ኋላ ተነድቶ የሚገባበት ነው። ፑል-ስሩ ሳይት ደግሞ በአንድ በኩል ተገብቶ በሌላው በኩል የሚወጣበት ነው። ፑል-ስሩ ሁለት መንገድና ረዘም ያለ ፓድ ስለሚፈልግ መሬት ይበላል፤ በዚያው መጠን ኪራዩ ይጨምራል። ከአውራ ጎዳና አጠገብ ላለና መንገደኛው አንድ ሌሊት ብቻ ለሚያድርበት ፓርክ ፑል-ስሩ ሕይወቱ ነው። አሥር ሰዓት ሲነዳ የዋለ ሰው በጨለማ ወደ ኋላ መንዳት አይሻም። ሰው ወራት ለሚቆይበት ፓርክ ግን ያን ሁሉ መሬት ለመንገድ መስጠት ኪሳራ ነው።

ቀጥሎ መብራት። በየሳይቱ የተተከለው የኤሌክትሪክ ሳጥን ፔዴስታል ይባላል። በላዩ 20፣ 30 እና 50 አምፔር የተጻፈባቸው ሶኬቶች ይኖራሉ። ከቁጥሮቹ የሚሳሳት ሰው ብዙ ነው፤ 50 ከ30 እጥፍ እንኳ አይሞላም ብሎ ያስባል። ስሌቱን እንየው። የ30 አምፔሩ ሶኬት አንድ የ120 ቮልት መስመር ስላለው 3,600 ዋት ይሰጣል። የ50 አምፔሩ ግን ሁለት የ120 ቮልት መስመሮች አሉት፤ በእያንዳንዱ 50 አምፔር ሲያልፍ በድምሩ 12,000 ዋት ይሆናል። ልዩነቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። አገር ቤት የምንጋግርበት የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን 3,500 ዋት ገደማ እንደሚወስድ አስቡ። የ30 አምፔሩ እንግዳ በአንድ ምጣድ ልክ ኃይል የአየር ማቀዝቀዣውን፣ ማይክሮዌቩን፣ ቡና ማፍያውንና የፀጉር ማድረቂያውን ያብቃቃል። ሁሉን በአንድ ጊዜ ሲያበራ ብሬከሩ ይወርዳል፤ ወደ ቢሮው ስልክ ይደወላል።

ድሮ የተሠሩ ብዙ ፓርኮች የታሰቡት ለ30 አምፔር ነበር። የዛሬዎቹ ትልልቅ ሪጎች ሁለትና ሦስት የአየር ማቀዝቀዣ ይዘው 50 አምፔር ይጠይቃሉ። ሻጩ ሶኬቱን ቀይራችሁ ታስከፍላላችሁ ቢላችሁ አትመኑ። ከሶኬቱ ጀርባ ገመድ፣ ከገመዱ ጀርባ ማከፋፈያ፣ ከማከፋፈያው ጀርባ ትራንስፎርመር አለ፤ ሁሉም አብሮ ማደግ አለበት። የአገሪቱ የኤሌክትሪክ ደንብ አንቀጽ 551 ስለ አርቪና ስለ አርቪ ፓርክ የሚናገረው ለዚህ ነው። አቅሙ ያልተመጣጠነ ፓርክ በሐምሌ ቀትር ራሱን ያጋልጣል። ሁሉም የአየር ማቀዝቀዣውን ሲያበራ ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ቮልቴጅ ሲወርድ የማቀዝቀዣው ሞተር ይግላል፤ ይቃጠላል። ስለዚህ ፓርክ ልትገዙ ስትሄዱ በመኸር ቅዝቃዜ አትሂዱ። ፓርኩ በሞላበት የበጋ ቀን ኤሌክትሪሺያን ይዛችሁ ሄዳችሁ ቮልቴጁን አስለኩ።

ስለ ውሃ ጥቂት ልበል። ፓርኩ ውሃውን ከከተማው ቢቀበል አንድ ነገር ነው፤ ከራሱ ጉድጓድ ቢስብ ግን ባለቤቱ የውሃ ድርጅት ሆነ ማለት ነው። በፌዴራል ሕግ ቢያንስ 15 የቧንቧ ግንኙነት ያለው፣ ወይም በዓመት ቢያንስ ለ60 ቀናት በቀን በአማካይ ቢያንስ 25 ሰዎችን የሚያገለግል ምንጭ የሕዝብ ውሃ አቅርቦት ተብሎ ይመዘገባል። የራሱ ጉድጓድ ያለው የካምፕ ቦታ ብዙውን ጊዜ የሚመደበው ትራንዚየንት ነን-ኮሚዩኒቲ በሚባለው ክፍል ነው፤ ይኸውም ተጠቃሚው ሕዝብ የሚለዋወጥበት ማለት ነው። ውሃው ለባክቴሪያና ለናይትሬት በየጊዜው ይመረመራል፤ ውጤቱም በመዝገብ ይያዛል። ያን መዝገብ ጠይቁ። መዝገብ የለም ከተባላችሁ ጠበቃችሁን ሳታማክሩ ቀብድ አትስጡ።

አሁን ማንም በወግ ማውራት ወደማይወደው ጉዳይ ደረስን፤ ፍሳሽ። በአርቪው ሆድ ውስጥ ከንጹሑ ውሃ ማጠራቀሚያ ሌላ ሁለት ታንኮች አሉ። ጥቁር ውሃ የሚባለው የመጸዳጃው ነው። ግራጫ ውሃ የሚባለው ከሻወርና ከዕቃ ማጠቢያ የሚወጣው ነው። ፉል ሁክ-አፕ ሲባል ሳይቱ ላይ መብራት፣ ውሃና ፍሳሽ ሦስቱም አሉ ማለት ነው። ፓርሻል ሁክ-አፕ ግን አብዛኛውን ጊዜ መብራትና ውሃ ብቻ ነው፤ እንግዳው ሲወጣ ዳምፕ ስቴሽን ወደሚባለው የጋራ ማራገፊያ ሄዶ ታንኮቹን ያፈሳል። ልምድ ያለው ሰው ጥቁሩን አስቀድሞ ከለቀቀ በኋላ ግራጫውን ያስከትላል፤ የሳሙናው ውሃ ቱቦውን ያጥበዋል። ጀማሪው ደግሞ ፉል ሁክ-አፕ አገኘሁ ብሎ የጥቁሩን ቫልቭ ከፍቶ ይተወዋል። ፈሳሹ ይሄዳል፤ ጠጣሩ ታንኩ ውስጥ ቀርቶ ይከመራል፤ ይደርቃል። መልካም ሥራ አስኪያጅ ይህን እንግዳው ሲገባ ይነግረዋል፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና። በአንዳንድ ፓርክ ደግሞ ፍሳሹን በየሳይቱ እየዞረ የሚስብ መኪና አለ፤ ሃኒ ዋገን ይሉታል። በስሙ ማር አለ፤ የሚጭነውን ግን ለእናንተ ግምት ልተወው።

ትልቁ ጥያቄ ፍሳሹ ከፓርኩ ወዴት ይሄዳል የሚለው ነው። ከከተማው መስመር ጋር የተያያዘ ከሆነ ወጪው በየወሩ በሒሳብ ይመጣል። ሴፕቲክ ወደሚባለው፣ ፓርኩ ውስጥ ወደተቀበረው የፍሳሽ ታንክ ከሆነ ግን ነገሩ ይከብዳል። በቀን 20 ሰውና ከዚያ በላይ የማስተናገድ አቅም ያለው ሴፕቲክ በፌዴራል ደንብ ትልቅ ሴፕቲክ ተብሎ በከርሰ ምድር ውሃ ጥበቃ ሥር ይተዳደራል። ከዚህም በላይ የአርቪ ፍሳሽ ከቤት ፍሳሽ የተለየ ነው። ውሃው ትንሽ ስለሆነ ወፍራም ነው፤ ሽታ ለማጥፋት ከሚጨመሩት ኬሚካሎች አንዳንዶቹ ፎርማልዴሃይድ ስላላቸው ሴፕቲኩን የሚያሠሩትን ባክቴሪያዎች ይገድላሉ። ለሠላሳ ሳይት የተፈቀደ ሴፕቲክ ላይ ስልሳ ሳይት የቀጠለ ሻጭ በወረቀት ላይ ያማረ ገቢ ያሳያችኋል። ጤና ጥበቃ ቢሮው የመጣ ዕለት ግን ግማሹን ሳይት የምትዘጉት እናንተ ናችሁ።

ምንም መስመር ሳይቀጠል ማደር ድራይ ካምፒንግ ይባላል። ፌዴራል መንግሥት በሚያስተዳድረው ሰፊ የምዕራብ መሬት ላይ ይህ በነፃ ይፈቀዳል፤ በአንድ ቦታ መቆየት የሚቻለው ግን በአብዛኛው 14 ቀን ነው። በአሪዞና በረሃ ባለችው ኳርትዝሳይት ከተማ አጠገብ ለረጅም ጊዜ ቆይታ የተለየ ሥፍራ አለ፤ ወቅቱ ከሴፕቴምበር 15 እስከ ኤፕሪል 15 ነው፤ ክፍያም አለው። ይህን ያነሳሁት ለባለ ፓርክ የሚጠቅም ትምህርት ስላለው ነው። ባዶ መሬት በነፃ ወይም በጥቂት ገንዘብ እየተገኘ ሰው ለእናንተ የሚከፍለው ለመስመሩ ነው።

አሁን ወደ እንግዳው እንምጣ። ሥራው እንግዶችን በቆይታቸው ልክ ይለያቸዋል። ትራንዚየንት የሚባለው ለአንድ ወይም ለጥቂት ሌሊት የሚያርፍ መንገደኛ ነው፤ በሌሊት ብዙ ይከፍላል፤ ጽዳቱ፣ ምዝገባውና ማስታወቂያው ግን ያደክማል። ወርኃዊው ተከራይ በሌሊት ሲሰላ አነስ ያለ ይከፍላል፤ የሚያመጣው ገቢ ግን አስተማማኝ ነው። ሲዝናል የሚባለው ሙሉ ወቅቱን ከፍሎ ሳይቱን የሚይዝ ነው። ስኖውበርድ የሚባሉት ክረምቱን ሸሽተው ከሰሜን ግዛቶችና ከካናዳ ወደ አሪዞና፣ ፍሎሪዳና ደቡብ ቴክሳስ የሚወርዱ ጡረተኞች ናቸው። ፓርክ ሞዴል የሚባል ደግሞ አለ። ጎማ ቢኖረውም በተግባር ከቦታው የማይነቃነቅ፣ ወለሉ ከ400 ስኩዌር ጫማ፣ ማለትም ከ37 ስኩዌር ሜትር የማይበልጥ ትንሽ ቤት ነው። ለዕለት እንግዳ መብራቱ ኪራዩ ውስጥ ይካተታል። ለረጅም ጊዜ ተከራይ ግን ቆጣሪ ይገባለታል። ኤሌክትሪክ መልሶ መሸጥ በብዙ ግዛቶች በደንብ የተገደበ ስለሆነ ዋጋውን ከራሳችሁ አትተምኑ።

የቆይታ ጊዜ ሕጉንም ይለውጠዋል። የካሊፎርኒያን ሕግ እንደ ምሳሌ ልውሰድ። በአርቪ ፓርክ 30 ቀን ወይም ከዚያ በታች የቆየ ሰው ኦኪዩፓንት ነው። በተከታታይ ከ30 ቀን በላይ የቆየው ቴናንት ይባላል። ዘጠኝ ወርና ከዚያ በላይ የቆየው ሬዚደንት ነው። ደረጃው በጨመረ ቁጥር መብቱ ይጨምራል፤ ሬዚደንቱን ለማስለቀቅ በሕጉ የተዘረዘረ ምክንያት ማቅረብ ያስፈልጋል። ሰውየው ያው ነው፤ መኪናውም ያው ነው፤ የተለወጠው ቀኑ ብቻ ነው። ሌሎች ግዛቶች የየራሳቸው ቁጥር አላቸው፤ የቱሪስት ግብሩም ብዙ ቦታ ከዚሁ የቀን ቆጠራ ጋር ይያያዛል። ውል የምትጽፉ ሰዎች የግዛታችሁን ቁጥር በቃላችሁ ያዙት። እዚህ አዳራሽ ውስጥ በአርቪ የሚኖር ወገን ካለም ይህ ቁጥር የሱም መከላከያ ነው።

ስለ ሒሳቡ አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ፤ ኦኪዩፓንሲ ስለሚባለው፣ ማለትም የተያዙት ሌሊቶች ከመቶ ስንት እንደሆኑ። ሻጭ ፓርኬ 80 በመቶ ይያዛል ቢላችሁ፣ ከስንት ሌሊት? ብላችሁ ጠይቁት። በሰሜኑ ያለ ባለ 100 ሳይት ፓርክ ከሜይ 1 እስከ ኦክቶበር 15 ብቻ ቢከፈት 168 ሌሊት፣ በጠቅላላው 16,800 የሳይት ሌሊት አለው። የዚያ 80 በመቶ 13,440 ነው። ይህንኑ ቁጥር ለዓመቱ 36,500 የሳይት ሌሊት ብታካፍሉት 37 በመቶ እንኳ አይሞላም። ሰውየው አልዋሸም። የባንኩ ዕዳ ግን በጃንዋሪም ይከፈላል፤ የመሬት ግብሩም በረዶው እስኪቀልጥ አይጠብቅም። ስለዚህ ገቢውን በትራንዚየንት፣ በወርኃዊና በሲዝናል ለይቶ፣ በየወሩ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ።

በመጨረሻ ስለ ሰዎቹ። ካምፕ ሆስት የሚባለው ሳይት በነፃ ተሰጥቶት እንግዳ የሚቀበል፣ ሥርዓት የሚያስከብር ሰው ነው፤ በመንግሥት ፓርኮች ብዙዎቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። በግል ፓርክ ሳይትና ደመወዝ እየተቀበለ ከቦታ ቦታ እየተዘዋወረ የሚሠራው ዎርክካምፐር ይባላል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለትርፍ የቆመ ድርጅት በነፃ ላሠራህ ብሎ በጎ ፈቃደኛ መያዝ አይፈቀድለትም፤ የሠራበት ሰዓት ይቆጠራል፤ ዝቅተኛው የደመወዝ ሕግም ይመለከተዋል። ኳየት አወርስ የሚባለው የጸጥታ ሰዓት በብሔራዊ ፓርኮች ከማታው አራት ሰዓት እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው፤ የግል ፓርኮችም ወደዚያው የተጠጋ ሰዓት አላቸው። የአሥር ዓመት ደንብ የሚባለውም አለ፤ አንዳንድ ፓርክ ከአሥር ዓመት በላይ ያገለገለ ሪግ አይቀበልም። እንዲህ ያለ ደንብ ያወጣ ሰው ለሁሉም እኩል ይሥራበት። ለፈረንጅ አሮጌ ሪግ ፈቅዶ ለሜክሲኳዊው የከለከለ ባለቤት የ1964ቱን የሲቪል መብቶች ሕግ ይጥሳል፤ እኛም ሆቴል በር ላይ የምንቆመው በዚያው ሕግ ጥላ ሥር መሆኑን አንርሳ።

ክቡራትና ክቡራን፣ ይህ ሥራ ለኛ ሰው አይሆንም የሚል እምነት የለኝም። ሌሊት መሥራት የለመደ፣ እንግዳ መቀበል ያደገበት፣ ከሸሪኮቹ ጋር ገንዘብ አሰባስቦ መነሻ ማድረግ የሚችል ሰው ሊሠራው ይችላል። ነገር ግን የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ከመፈረማችሁ በፊት አራት ወረቀት በእጃችሁ ይግባ፤ የፍሳሹ ፈቃድ ለስንት ሳይት እንደሆነ የሚያሳየው፣ የውሃው ምርመራ መዝገብ፣ ኤሌክትሪሺያኑ የጻፈው የአቅም ሪፖርትና በእንግዳ ዓይነት የተለየው የሦስት ዓመት ገቢ። አራቱን ያላሳያችሁን ሻጭ አመስግናችሁ ተሰናበቱት።